የታካሚ መረጃ ስንላላክ ደጋግመን የምንሠራቸው ስህተቶች

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ የታካሚ መረጃ ሲስተም ላይ እሠራለሁ። ጠዋት እኛ ጋ የታየ ሰው ከሰዓት ገላን ወይም መሀል ከተማ ሪፈር ይባላል፤ መረጃውም በሲስተም ይከተለዋል። ‹ተልኳል› የሚል ምልክት ስናይ ሥራው ያለቀ ይመስለናል። እኔ ያንን ምልክት ማመን የተውኩት ጥቅምት 2017 ላይ ነው።

የዚያን ቀን ከሆስፒታል አንዲት ነርስ ደወለችልን። «የላካችሁልን መረጃ የስምንት ዓመት ልጅ ይላል፤ እዚህ እናቷ አዝላት የመጣችው ግን ገና ጥርስ ያላበቀለች ሕፃን ናት» አለችኝ።

የትውልድ ቀኑን እኛ 05/06/2016 ብለን ልከናል። የካቲት 5 ማለታችን ነው። የእነሱ ሲስተም በፈረንጅ አቆጣጠር ጁን 5 ቀን 2016 ብሎ አነበበው። የ8 ወር ልጅ የ8 ዓመት ሆነች። ሲስተሙ ምንም ስህተት አላሳየም፤ ምክንያቱም ሁለቱም ትክክለኛ ቀኖች ናቸው። እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው! ነርሷ ልጅቷን በዓይኗ ስላየቻት ተረፍን። የደም ናሙና ብቻውን ሲላክ ግን ልጁን የሚያይ የለም። የላብራቶሪ ውጤት ‹ኖርማል› ነው አይደለም የሚባለው ደግሞ በዕድሜ ነው።

ስለዚህ ቀን ከቤታችሁ ሳይወጣ ወደ ፈረንጅ ይቀየር፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ተብሎ በቅደም ተከተል ይጻፍ። ኤችኤል 7 የሚባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ያወጣው፣ ‹ፋየር› (FHIR) የምንለው የጤና መረጃ መለዋወጫ ደረጃ የሚቀበለው እንደዚያ ነው። ስክሪኑ ላይ ለሐኪሙ በእኛው አቆጣጠር ይታይ፣ ችግር የለውም። በጭንቅላት ግን አትቀይሩ። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ጳጉሜ 6 ቀን በሆነች ማግስት ግን 12 ይሆናል። ሲስተማችሁንም በጳጉሜ ፈትኑት። ጳጉሜ 3 ቀን 2015 የተወለደ ልጅ 03/13/2015 ተብሎ ሲላክ፣ ወርን የሚያስቀድም ሲስተም ማርች 13 አድርጎ ይቀበለዋል።

ዕድሜውን ብቻ ለሚያውቅ ሰው ቀን አትፍጠሩለት። የእኛን መዝገብ ስፈትሽ መስከረም 1 የተወለደው ሰው በዝቶ አገኘሁት። ፋየር ዓመት ብቻ ቢላክለትም ይቀበላል። ሰዓትም እንደ ቀኑ ወደ ፈረንጅ ይቀየር፦ ጠዋት 3 ሰዓት የተሰጠ መድኃኒት 09:00 ተብሎ ነው የሚላከው።

ስም ላይ ያጠፋሁት እኔ ራሴ ነኝ። ፋየር ላይ ‹የቤተሰብ ስም› የሚል ቦታ አለ። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። እኔ የአያት ስም እዚያ ስከት ወራት ቆየሁ፤ ለካ ተቀባያችን የአባት ስም ነበር የሚያስገባበት። አንዱ ታካሚ ከራሱ መረጃ ጋር መገናኘት አቃተው። ሙሉ ስሙን እንዳለ የሚይዝ ቦታ ስላለ እሱን ሙሉት፤ የተቀረውን ከተቀባዩ ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ። ፊደሉም አለ። ‹ፀሐይ› እና ‹ጸሀይ› ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ሁለት ሰው። ሸገር ከተማ ስትሻገሩ ደግሞ መዝገቡ በቁቤ ነው። እኛ ጫልቱ ያልናት ልጅ እዚያ በላቲኑ ‹ሲ› ትጀምራለች፤ እንግሊዝኛ አጻጻፍ የለመደ ክሊኒክ ‹ኤች› ይጨምርባታል። ጀማሪዎች እዚህ ላይ ተስፋ ሲቆርጡ አያለሁ። አይዟችሁ፣ ስም ብቻውን ሰው መለያ አይሁን እንጂ መፍትሔ አለው። የፋይዳ ቁጥር ያለው ሰው ቁጥሩ አብሮ ይላክ፤ ለሌለው ስልክና የትውልድ ዓመት ተጨምሮ በሰው ዓይን ይመሳከር።

የካርድ ቁጥር የየትኛው ጤና ጣቢያ እንደሆነ ሳይገለጽ አይላክ፤ 4512 የሚል ካርድ በየጤና ጣቢያው አለ።

ቁጥር ያለ መለኪያ አትላኩ። ‹ስኳር 7› ምን ማለት ነው? በሚሊሞል ከሆነ በሚሊግራም 126 ማለት ነው፤ በባዶ ሆድ ከተለካ የስኳር ሕመም ምርመራ ወሰን ላይ ያለ ሰው። 7 ሚሊግራም ነው ብሎ ያነበበው ሐኪም ግን ታካሚው ራሱን ስቷል ብሎ ግሉኮስ ፍለጋ ይሮጣል።

የአለርጂ ቦታ ባዶ ሲሆን ‹የለበትም› ማለት አይደለም። ያልተጠየቀም ሊሆን ይችላል። ሁለቱ የተለያየ ኮድ አላቸው፣ ለይታችሁ ላኩ። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው በዚህች ባዶ ቦታ ሊሞት ይችላል።

ኔትወርክ ሲጠፋ ካርዱን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም መላክ በጣም ተለምዷል። እባካችሁ ይቅር። ያ ፎቶ የስንቱ ስልክ ላይ እንደሚቀር ማንም አያውቅም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ አስገብቶታል። ለታካሚው የሪፈር ወረቀቱን በእጁ ስጡት፤ ኔትወርኩ ሲመለስ መረጃው በሲስተም ይሂድ። ያው መረጃ ሲደገም ደግሞ መጀመሪያ በተላከበት መለያ ቁጥር ይላክ፤ አለበለዚያ አንድ ምርመራ ሦስት ጊዜ ተመዝግቦ ታገኙታላችሁ።

አሁን ከአዲስ ተቋም ጋር ስንጀምር የመጀመሪያዎቹን 20 ታካሚዎች ስልክ ደውለን እናረጋግጣለን። «ደርሷችኋል?» አንልም። ስሙን፣ ዕድሜውንና አለርጂውን ከስክሪናቸው እንዲያነቡልን እንጠይቃለን፤ እኛ ከካርዱ ጋር እያስተያየን እንሰማለን።