አፍ ከማስከፈታችሁ በፊት፦ በሰሜን ሸዋ የጥርስ ጥናት ለምትሠሩ

በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ጊዜ ሲደርስ አንድ ሁለት ልጆች ይደውሉልኛል። ጥያቄያቸው ያው ነው፤ «ጥርስ ላይ ልሠራ ነው፣ ርዕስ ስጠኝ»። ርዕስ አልሰጥም። መልሼ እጠይቃለሁ። ስንት መስታወት አለህ? ስንት ፕሮብ (ጥርስ የሚነካበት ቀጭን መሣሪያ)? ጣርማበርን የሚያሻግርህ መኪና ከየት ይመጣል? የትምህርት ቤቶቹ ፈተና መቼ ነው? ይሄ ሲመለስ ርዕሱ ራሱ ጠቦ ይመጣል።

«የአፍ ጤና ሁኔታ በሰሜን ሸዋ» የሚል ርዕስ አምስት ሐኪም አምስት ዓመት ያሠራል። እናንተ ያላችሁ ሦስት ወር ነው፤ ከሱም ላይ አንዱን ወር አድቫይዘራችሁን ስትፈልጉ ታሳልፉታላችሁ። ስለዚህ አንድ ነገር ምረጡና እሱን በደንብ ቁጠሩ። ለምሳሌ በደብረ ብርሃንና በሸዋ ሮቢት ያሉ የ12 ዓመት ተማሪዎች ስንት የተበላ ጥርስ አላቸው? በቃ፣ ይሄው ነው። አንዱ ደጋ ነው፣ አንዱ ቆላ። ውሃውም፣ ገበያውም፣ ልጆቹ በእረፍት ሰዓት የሚገዙት ነገርም ሊለያይ ይችላል። መንገዱ ግን አንድ አስፋልት ነው።

ለምን 12? የዓለም ጤና ድርጅት ለአፍ ጤና ቅኝት ከመረጣቸው ዕድሜዎች አንዱ ስለሆነ ቁጥራችሁን ከሌላ አገር ቁጥር ጎን ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ዘግይተው ከሚበቅሉት የመጨረሻ መንጋጋዎች በስተቀር ቋሚ ጥርሶችም በአብዛኛው ወጥተዋል። ልጆቹም ገና ክፍል ውስጥ ናቸው። ሁለት ሦስት ዓመት ቆይታችሁ ብትፈልጓቸው ግማሹን ትምህርት ቤት ላታገኙት ትችላላችሁ።

«ይዟል» እና «ሞልቶታል»

ዕድሜ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። እኔም ወድቄያለሁ። የመጀመሪያ ጥናቴ ላይ እናቶችን «ልጅዎ ስንት ዓመቱ ነው?» እያልኩ የነገሩኝን እጽፍ ነበር። «12 ዓመቱን ይዟል» ያሉኝን ሁሉ 12 አልኳቸው። ብዙዎቹ ሊሉኝ የፈለጉት 11 ጨርሶ ወደ 12 ገባ ነው። ይሄ የገባኝ ግማሹን ሥራ ከጨረስኩ በኋላ አንዲት እናት «ኧረ ልጄ፣ ሲሞላውማ ለመስቀል ነው» ስትለኝ ነው። ፎርሞቹን ይዤ ቤት ለቤት ተመለስኩ።

ስለዚህ ዕድሜ አትጠይቁ፣ የተወለደበትን ወርና ዓመት ጠይቁ። ወሩ ከጠፋባቸው በበዓል አስታውሷቸው፦ ከጥምቀት በፊት ነው ወይስ በኋላ? ፍልሰታ ገብቶ ነበር? የክርስትናው ቀን የሚረሳ ቤተሰብ ብዙ የለም፤ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ስለሚነሱ ከዚያ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። የትምህርት ቤቱ መዝገብ ይረዳል፣ ግን እሱን ብቻ አትመኑ።

ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ጻፉት፣ ኮምፒውተር ላይ ግን እንደ ቀን አታስገቡት። ኤክሴል ጳጉሜን አያውቅም፣ የካቲት 30ንም አይቀበልም። ቀን፣ ወርና ዓመት ሦስት የተለያየ ዓምድ ይሁኑ። ሰዓትም ካላችሁ የማን ሰዓት እንደሆነ ፎርሙ ላይ ይጻፍ፤ «3 ሰዓት» ለአንዱ ጠዋት ነው፣ ለሌላው ከሰዓት በኋላ።

የቱ ነው የተበላው?

መቁጠሪያው ዲኤምኤፍቲ ይባላል። የተበላ፣ በመበላቱ የተነቀለ እና የተሞላ ቋሚ ጥርስ ድምር ነው። መደመሩ ቀላል ነው። ጭቅጭቁ «የተበላ» የምንለው የቱን ነው የሚለው ላይ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የተበላ የሚባለው በግልጽ ጉድጓድ ያለው፣ ከሥር የተቦረቦረ ወይም ሲነካ ወለሉ ወይም ግድግዳው የለሰለሰ ጥርስ ነው። ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ያለበት አይቆጠርም። ቀለሙ ጠቁሮ ጠንካራ የሆነም አይቆጠርም። ከተጠራጠራችሁ ጤነኛ ብላችሁ ጻፉ። ይሄ ክሊኒክ ለለመደ ሰው ይከብዳል፣ ምክንያቱም ክሊኒክ ውስጥ የተጠራጠርነውን ይዘን እንቆያለን እንጂ አንለቅም። ፕሮቡ ጫፉ ላይ 0.5 ሚሊሜትር ድቡልቡል ያለው ይሁን። ሹሉን ቤት ተዉት፤ ገና ሊጠገን የሚችልን ቦታ ወግታችሁ ትሰብራላችሁ።

ጥርስ ከጎደለ «ለምን?» በሉ። ከአህያ የወደቀ አለ። በገና ጨዋታ ሩር አፉን የመታው አለ። እነዚህ በመበላት የጠፉ አይደሉም።

የ5 ዓመት ልጆች ላይ ከሠራችሁ ደግሞ ግግ ይመጣባችኋል። ሕፃኑ ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «ግግ ነው» ተብሎ ገና ድድ ውስጥ ያለ የወተት ጥርሱ ተቆፍሮ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ የታችኛው ክራንቻ ነው። ያ ባዶ ቦታ የካሪስ (የጥርስ መበላት) አይደለም፣ የራሱ ኮድ ይኑረው። ከሥሩ ገና እየተሠራ ያለው ቋሚ ጥርስ ሊጎዳም ስለሚችል 12 ዓመት ላይ ተበላሽቶ የወጣ ወይም ጭራሽ ያልወጣ ክራንቻ ስታዩ ይሄን አስቡ። እናትየውን ስትጠይቁ ታዲያ ፊታችሁ አይክሰሳት። ካፈረች አትነግራችሁም፤ ያደረገችው ልጄ ይሙት ብላ አይደለም።

ሁለት ሆናችሁ የምትመረምሩ ከሆነ መጀመሪያ እርስ በርስ ተስማሙ። «95 በመቶ ተስማምተናል» ብላችሁ ደስ አይበላችሁ። ይሄን ሒሳብ እዩት። 100 ጥርስ አያችሁ። አንተ 5 የተበላ አልክ፣ እሷም 5 የተበላ አለች፣ ግን ሁለታችሁም አንድ ላይ የተበላ ያላችሁት 2 ብቻ ነው። ጤነኛ የተባለውን ስትጨምሩ 94ቱ ላይ ተስማምታችኋል። ያምራል። ግን አብዛኛው ጥርስ ጤነኛ ስለሆነ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትገምቱም ወደ 90 ያህሉ ላይ ትስማማላችሁ። ያንን የሚቀንሰው ካፓ ይባላል፤ እዚህ ላይ 0.37 ገደማ ይመጣል፣ ደካማ ነው። ከ0.6 በላይ እስኪደርስ፣ ከተቻለ ከ0.8 በላይ፣ ልጆች ሰብስባችሁ ተለማመዱ። ሥራው ከተጀመረ በኋላም ከልጆቹ 5 እስከ 10 በመቶውን ሁለተኛ ጊዜ እዩ፣ ቁጥሩም ከ25 አይነስ። ዓይን ሲደክም መስፈርቱ ይንሸራተታል፣ ከሰዓት በኋላ በተለይ።

ስለ ሳምፕል ብዙ አልልም። ስርጭቱን 50 በመቶ፣ ስህተቱን 5 በመቶ አድርጋችሁ በተለመደው ቀመር ስታሰሉ 385 ይመጣል፤ ይሄ ቁጥር በየቴሲሱ ተገልብጦ ታገኙታላችሁ። ግን ልጆችን በትምህርት ቤት ከመረጣችሁ አይበቃም። የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች አንድ ውሃ ይጠጣሉ፣ ከአንድ ሱቅ ከረሜላ ይገዛሉ፣ ስለዚህ ይመሳሰላሉ። በ2 አባዙት፣ ለሚቀሩት 10 በመቶ ጨምሩ፣ 847 ይሆናል። ደነገጣችሁ? እንግዲያው ጥያቄውን አጥብቡት።

ብርዱና ኦቶክሌቩ

ይሄን ማንም አልነገረኝም፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ውሃ እዚህ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባቄላው አልበስል የሚለን ወዶ አይደለም። ዕቃ መቀቀል የትም ቢሆን ስቴሪላይዝ አያደርግም (ጀርሙን ጨርሶ አይገድልም)፣ እዚህ ደግሞ ይብሳል።

ኦቶክሌቭ (ዕቃ በእንፋሎትና በግፊት ከጀርም የሚያጸዳ ማሽን) ላይ «15 ፒኤስአይ፣ 121 ዲግሪ» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ፤ ፒኤስአይ የግፊት መለኪያ ነው። ይሄ የባሕር ዳርቻ ሒሳብ ነው። ጌጁ (የግፊት ማሳያው) የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው፣ የውጭው አየር ደግሞ እዚህ ሳስቷል። 15 ላይ ብታቆሙት ውስጡ የሚደርሰው 116 ዲግሪ ገደማ ነው። 121 ለመድረስ ጌጁ ወደ 19 መውጣት አለበት። አዳዲሶቹ በሙቀት መለኪያ ስለሚሠሩ ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ ችግሩ በድሮዎቹና በእሳት ላይ በሚጣዱት ነው። ስለዚህ ቴርሞሜትሩን እዩ፣ ጌጁን አይደለም። ዕቃው የማይችለውን ግፊት ግን እንዳትጭኑበት፣ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ገደብ አንብቡ። በስፖር መፈተሻ (ሙቀት የሚቋቋም ባክቴሪያ መሞቱን በሚያሳይ) አረጋግጡ፤ በጊዜው እኔ ሳላረጋግጥ በሠራሁበት ላብራቶሪ ምንም ባክቴሪያ ያልዘራሁበት የማሳደጊያ ሳህን ላይ ሻጋታ አብቦ ነበር። ሁለት ሳምንት ሚዲያውን (ባክቴሪያው የሚያድግበትን ምግብ) ስረግም ቆየሁ፣ ጥፋቱ የጌጁ ነበር።

ትምህርት ቤት ስትወጡ ለአንድ መርማሪ ቢያንስ 30 መስታወትና 30 ፕሮብ ያዙ። አንዱን ልጅ ለማየት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይፈጃል። ልጁን ወደ ብርሃን አዙራችሁ አስቀምጡት፣ የእናንተ ጥላ አፉ ላይ አይውደቅ። ከሁሉ በላይ መዝጋቢ ይኑራችሁ። በጓንት እጅ እስክሪብቶ የሚይዝ መርማሪ ጓንቱንም ፎርሙንም አበላሽቷል።

ውሃ ለፍሎራይድ የምትወስዱ ከሆነ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይሁን፣ ብርጭቆ ከፍሎራይድ ጋር አይስማማም። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ቡናማ ጥርስ ያለው ልጅ ስታገኙ ግን ወዲያው ወደ ቀበሌው ውሃ አትሩጡ። ፍሎሮሲስ (ፍሎራይድ ሲበዛ የሚመጣው የጥርስ መበላሸት) የሚፈጠረው ጥርሱ ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ነው፣ ስለዚህ በሕፃንነቱ የት ይኖር እንደነበር ጠይቁ። አባቱ መተሐራ ወይም ወንጂ ሠርቶ የመጣ ልጅ የስምጥ ሸለቆን ፍሎራይድ በጥርሱ ይዞት ይመጣል።

ወይራው ሳህን ላይ

መፋቂያ ላይ መሥራት ሁሉም ይወዳል። እኔም እወዳለሁ፣ ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ። ወይራውን ከነቅጠሉና ከነፍሬው ቆርጣችሁ ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) አሳዩና ቁጥር ይሰጠው፤ «ወይራ ነው ብላ የሸጠችልኝ ሴትዮ ነች» ገምጋሚ ፊት አያስኬድም። በጥላ አድርቁ፣ ፍጩ፣ በ80 በመቶ ሜታኖል ለ72 ሰዓት ዘፍዝፉ፣ አጥሉ፣ ከዚያ ሜታኖሉ ተንኖ እስኪያልቅ ጠብቁ።

ጥርስ የሚያበላሸው ባክቴሪያ፣ ስትሬፕቶኮከስ ሚዩታንስ፣ እንደ ሌሎቹ ዝም ብሎ አያድግም። ደም ያለበት አጋር (እንደ ጄሊ የረጋ ማሳደጊያ) እና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመቸዋል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ኢንኩቤተር ከሌለ ክዳኑ በሚጠብቅ ማሰሮ ውስጥ ሻማ ለኩሳችሁ ክደኑት፤ ሻማው ሲጠፋ ውስጡ 3 በመቶ ገደማ ይኖራል። የባክቴሪያው ድፍርስ 0.5 ማክፋርላንድ (የድፍርስነት መለኪያ) ይሁን። ወይራው ካለባቸው ዲስኮች (ትንንሽ ክብ ወረቀቶች) ሌላ አንዱ ዲስክ ላይ ክሎርሄክሲዲን (ጀርም የሚገድል የአፍ መጉመጥመጫ)፣ አንዱ ላይ ወይራውን ያሟሟችሁበት ፈሳሽ ብቻ ይኑር። የኋለኛውን የረሳ ሰው ወይራው ይግደል ፈሳሹ ይግደል አያውቅም። ሦስት ጊዜ ድገሙት። ዲስኩ ዙሪያ 14 ሚሊሜትር ስለጠራ «ወይራ ካሪስን ይከላከላል» ብላችሁ እንዳትጽፉ ብቻ። ሳህን ላይ ምራቅ የለም፣ ምላስ የለም፣ ስኳር ያለው ሻይ የለም።

ሆስፒታል ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የጨው ውሃና ክሎርሄክሲዲንን ማወዳደር ጥሩ ጥናት ነው፤ ርካሽ ነው፣ ውጤቱም በቀናት ውስጥ ይታያል። ታማሚን በቀን እንዳትከፍሉ ግን። «ሰኞ የመጣ ጨው፣ ቅዳሜ የመጣ ክሎርሄክሲዲን» ካላችሁ አለቀ። በገበያ ቀን የሚመጣው ሰው ከሩቅ የመጣ፣ ሕመሙን ወር ያስታመመ፣ ገበያውን ሸጦ ለመነቀል የመጣ ነው፤ ከከተማው ሰው ጋር አንድ አይደለም። በዕጣ ክፈሏቸው፤ ዕጣውን በታሸገ፣ ብርሃን በማያሳልፍ ፖስታ አድርጉ፤ ፖስታው የሚከፈተው ሰውየው እሺ ካለ በኋላ ነው። የደረቀ ቁስል (ጥርስ የተነቀለበት ጉድጓድ የረጋ ደሙን አጥቶ ሲያም) ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ስለሚብስ በሦስተኛው ቀን ደውሉ። ስልክ ከሌለው የጎረቤቱን ያዙ።

ፈቃድ የምለውን መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ቀላል ስለሆነ አይደለም። ከዩኒቨርሲቲው የኢቲክስ ወረቀት ሳትይዙ አንድም አፍ አትክፈቱ። ከዚያ ወረዳው ጤና፣ ወረዳው ትምህርት፣ ርዕሰ መምህሩ፣ ወላጅ፣ በመጨረሻ ራሱ ልጁ። ወላጅ ፈርሞ ልጁ እምቢ ካለ፣ አለቀ፣ ይሂድ። ማንበብ ለማይችሉ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፣ ምስክር ባለበት የጣት አሻራ ያድርጉ። «እማማ፣ ምንም አንነቅልም፣ እናያለን ብቻ» የሚለውን መጀመሪያ ተናገሩት፤ ጥርስ ሐኪም መጣ ሲባል ክፍሉ በመስኮት ይወጣል።

ድዱ መግል የያዘ፣ ሌሊት የማያስተኛው ልጅ ታገኛላችሁ። ቆጥራችሁ አትለፉት። የሪፈር ወረቀት አስቀድማችሁ አሳትሙ፤ የት እንደሚሄድና በምን ቀን እንደሚሄድ የተጻፈበት ይሁን። ወረቀቱን ለልጁ አትስጡት፣ እግር ኳስ ሜዳ ላይ ይቀራል። ለክፍሉ ኃላፊ መምህር ስጡ፣ በሳምንቱም ደውላችሁ ሄዶ እንደሆነ ጠይቁ።