መጽሐፉ ተከፍቶ ጭንቅላት ሲዘጋ፦ ከጥናት ዝለት እንዴት እንደሚወጣ

ሃንድአውቱ ፊታችሁ ነው። ዓይናችሁ መስመሩን ይከተላል። ገጹ ሲያልቅ ግን ከላይ ምን እንደነበረ አታስታውሱም። እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ። አሁንም ጠብ የሚል ነገር የለም። ፋይናል ደግሞ እየደረሰ ነው።

በዚህ ጊዜ አብዛኛው ተማሪ የሚያደርገው ነገር አንድ ነው፤ ሰዓት ይጨምራል። እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ያነብ የነበረው እስከ 8 ይገፋል። ቅዳሜም እሑድም ላይብረሪ ይውላል። ነገሩን የሚያባብሰውም ይሄ ነው። የዛለ ጭንቅላት ሰዓት ሲጨመርበት የሚይዘው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ተማሪው ደግሞ የያዘው ሲቀንስ ይደነግጥና ሌላ ሰዓት ይጨምራል። ከዚህ አዙሪት ለመውጣት ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ ሸክሙ ይቀንሳል፣ ቀጥሎ አጠናኑ ይቀየራል፣ ሌላው ከዚያ በኋላ ይመጣል። የጻፍኩት ባሕር ዳር ለሚማሩ ልጆች ነው፤ ከዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ፔዳም ሁኑ ፖሊ፣ ዘንዘልማም ሁኑ ይባብ።

አንደኛ፦ ድካም ነው ወይስ ዝለት?

ድካም እንቅልፍ ሲያገኝ ይለቃል። ሁለት ሦስት ሌሊት ጠግባችሁ ተኝታችሁ ከነቃቃችሁ ድካም ነበር፤ ወደ ሥራችሁ ተመለሱ። ዝለት (በእንግሊዝኛ በርንአውት የሚባለው) ግን በእንቅልፍ ብቻ አይፈታም።

ጉዳዩን ለብዙ ዓመታት ያጠናችው አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ክርስቲና ማስላክ ሦስት ምልክቶችን ትጠቅሳለች። አንደኛው የጉልበት መሟጠጥ ነው፤ ጠዋት ስትነሱም ደክሟችኋል። ሁለተኛው ግድ ማጣት ነው፤ ድሮ ትወዱት የነበረውን ኮርስ «ብቻ ይለፍልኝ» ማለት ትጀምራላችሁ። ሦስተኛው «እኔ ለዚህ አልሆንም» የሚለው ስሜት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ዝለትን የገለጸው በእነዚሁ ሦስት ነገሮች ነው፤ በሽታ ሳይሆን መላ ካልተበጀለት የሥራ ጫና የሚመጣ ክስተት ብሎታል። የድርጅቱ ገለጻ ስለ ሥራ ቦታ ነው። ተመራማሪዎች ግን በተመሳሳይ መለኪያ ተማሪዎችንም ሲያጠኑ ቆይተዋል። ሦስቱ ተደራርበው ሳምንታት ካስቆጠሩ፣ የሰነፋችሁ ሳይሆን የዛላችሁ ናችሁ።

አንድ ነገር ግን ሳትዘነጉ። ባሕር ዳር የወባ አገር ነው። ድካሙ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ራስ ምታት ካለበት መጀመሪያ ክሊኒክ ሄዳችሁ ደም ተመርመሩ። ወባን ወይም ደም ማነስን በዕረፍት ለማዳን መሞከር ጊዜ ማጥፋት ነው።

ሁለተኛ፦ ሸክሙን በወረቀት ቁጠሩት

ይሄ ክፍል ረዘም ይላል፤ ምክንያቱም ብዙ ተማሪ የሚዘለው እሱን ነው። ወረቀት አውጡ። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በሚሠራበት ልማዳዊ ስሌት፣ ለአንድ ክሬዲት ሃወር የክፍል ትምህርት ሁለት ሰዓት የግል ጥናት ይታሰባል። 18 ክሬዲት የያዘ ተማሪ በሳምንት 18 ሰዓት ክፍል፣ 36 ሰዓት ጥናት፣ በድምሩ 54 ሰዓት አለበት ማለት ነው። ይሄ ሴሚስተሩ በተለመደው 16 ሳምንት ሲሄድ ነው። ያው ትምህርት በ12 ሳምንት ከተጨመቀ 72 ሰዓት ይሆናል።

መጨመቅ ደግሞ ለዚህ ትውልድ እንግዳ ነገር አይደለም። በኮሮና ጊዜ ግቢ ተዘግቷል። ከዚያም በአካባቢው በነበረው ግጭት ትምህርት ሲቋረጥ፣ ሲቀጥል፣ ሲካካስ ከርሟል። ቤት ተቀምጦ ጥሪ ሲጠብቅ የነበረ ተማሪ ግቢ ሲገባ በላይ በላዩ ሌክቸር፣ አሳይመንትና ፈተና ይቆየዋል። የቤተሰብ ሐሳብም አብሮት አለ። በሳምንት 72 ሰዓት ሲጎትት የዛለን ልጅ «ጠንክር» ማለት እኔ አይዋጥልኝም። ልጁ ጠንክሯል። የበዛው ሸክሙ ነው።

አሁን ኮርሶቻችሁን በሦስት ምድብ ጻፉ። የመጀመሪያው ለዲፓርትመንታችሁ መሠረት የሆነው፣ ቀጣይ ኮርሶች የሚቆሙበት ነው። ሁለተኛው በክትትል ከተሠራ ጥሩ ውጤት የሚያመጣው ነው። ሦስተኛው ማለፍ ብቻ የሚበቃው ነው። ዋናውን ጉልበት ለመጀመሪያው ስጡ። በሦስተኛው ላይ ቢ ወይም ሲ መቀበልን ዛሬ፣ በጤናማ አእምሮ ወስኑ። ሁሉንም ኤ ለማምጣት ሲሉ ሁሉም ላይ የወደቁ ልጆች በየዶርሙ አሉ።

ከዚያ ከትምህርት ውጪ ያለውን ቁጠሩ። የክበብ ኃላፊነት፣ የጊቢ ጉባኤ አገልግሎት፣ ለጓደኛ የሚሠራ አሳይመንት፣ ለኪስ ገንዘብ የሚያዝ የማስጠናት ሥራ። ከእነዚህ ቢያንስ አንዱን እስከ ፋይናል ድረስ አቁሙ። አገልግሎት ማቋረጥ የሚከብዳችሁ ካላችሁ፣ ለሚመለከተው ሰው «እስከ ፈተና ብቻ ፍቀዱልኝ» ማለት ነውር የለውም።

ገና የአድ ድሮፕ (ኮርስ የመጨመሪያና የመጣያ) ቀን ካላለፈ አድቫይዘራችሁ ጋ ሂዱና አንድ ኮርስ መጣል ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። የምትጥሉት ኮርስ ቀጣይ ኮርስ የሚቆምበት እንዳይሆን ግን አጣሩ፤ አለበለዚያ አንድ ዓመት ሊያስጠብቃችሁ ይችላል።

ሦስተኛ፦ አጠናኑን ቀይሩ

ደጋግሞ ማንበብ የሚያውቁ ያስመስላል። ገጹን ስለለመዳችሁት የገባችሁ ይመስላችኋል። ፈተና ግን ገጹን አያሳያችሁም። ጀርመናዊው ኸርማን ኢቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት በራሱ ላይ ሞክሮ ያሳየው፣ የተጠና ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት እንደሚረሳ ነው። ጥናቱን በተለያዩ ቀናት ከፋፍሎ መድገም ደግሞ በአንድ ጊዜ ከመቸከል እንደሚሻልም አይቷል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ፖሊ የሚማር ልጅ ስለ ፈሳሽ ፍሰት የሚናገረውን የቤርኑሊን እኩልታ ሊያጠና ነው እንበል። ሁለት ገጽ ብቻ ያነባል። ሃንድአውቱን ይዘጋል፤ ገልብጦ ራቅ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ባዶ ወረቀት ያወጣና የሚያስታውሰውን ይጽፋል። እኩልታውን ይጽፋል። ቀጥሎ መቼ እንደሚሠራ ይጽፋል፤ ፍሰቱ በጊዜ የማይለዋወጥ ሲሆን፣ ፈሳሹ የማይታመቅ ሲሆን... እዚህ ላይ ይያዛል። አንድ ሁለት ደቂቃ ይታገላል። ከዚያ ገልጦ ያያል፤ ፍትጊያው ችላ ሊባል የሚችል መሆኑንና በአንድ የፍሰት መስመር ላይ የሚለውን ረስቷል። የረሳቸውን ሁለቱን በቀይ እስክሪብቶ ይጨምራል። በማግስቱ ምዕራፉን አያነብም። ባዶ ወረቀት ወስዶ ቀይ የነበሩትን ብቻ ይሞክራል። ከሦስት አራት ቀን በኋላ አንዴ ይደግማል።

ይሄ ያደክማል። ግን አጭር ነው። በዚህ መንገድ የተሠራ አንድ ሰዓት፣ በሃንድአውት ላይ እያንቀላፉ ከሚያልፍ ሦስት ሰዓት ይበልጣል። 25 ደቂቃ ሠርታችሁ 5 ደቂቃ ተነሡ። በአምስቷ ደቂቃ ቲክቶክ አትክፈቱ፤ አምስት ደቂቃ ሆኖ አያውቅም። በጣም ስትዝሉ ደግሞ 25ቱን 10 አድርጉት። አሥር ደቂቃ ከተቀመጡ በኋላ ተነስቶ መሄድ እንደ ሽንፈት አይቆጠርም።

አራተኛ፦ እንቅልፍ፣ ቡናና ጫት

አዋቂ ሰው በቀን ከ7 እስከ 9 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። በቀን የተማራችሁት ነገር የሚረጋው ስትተኙ ነው። ብዙ ሰው በሚተኛበት ዶርም ውስጥ ይሄ ቀላል አይደለም፤ አንዱ ስልክ ያወራል፣ አንዱ ፊልም ያያል፣ አንዱ በመብራት ያጠናል። ስለዚህ አንድ ምሽት ተሰብስባችሁ ተነጋገሩ። ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ዋናው መብራት ይጥፋ፣ የሚያነብ ሰው ላይብረሪ ይሂድ፣ ስልክ በኤርፎን ይሁን። ዓይን በነጠላ መሸፈንም ይረዳል።

ቡና በጠዋት መልካም ነው። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግማሹ ከደም እስኪወጣ ግን በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ማታ 12 ሰዓት የጠጣችሁት ቡና ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና አለ። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ጀበናውን እለፉት።

ስለ ጫት በግልጽ ልናገር፤ ባሕር ዳር ላይ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ለፈተና ብለው የሚጀምሩት ብዙ ናቸው። ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ለጥቂት ሰዓት ዓይን ይከፍታል፣ ሐሳብ ያበዛል። ምርቃናው ሲወርድ ግን ድባቴ ይመጣል፣ እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ ምግብ ይዘጋል። እሱን ለመስበር ጨብሲ፣ ማለትም መጠጥ፣ ይመጣል። በማግስቱ ክፍል የለም። ለዛለ ሰው ከዚህ የከፋ ብድር የለም። ጀምራችሁ ማቆም ካቃታችሁ ለብቻችሁ አትታገሉ፤ ክሊኒክ ሄዳችሁ ተናገሩ።

ምግብን በአጭሩ፦ ቁርስ ሳይበሉ ክፍል መግባትን ተዉ። ከቤት የመጣ በሶና ቆሎ ሎከራችሁ ውስጥ ይኑር። ጾም የሚያዘልቁ ከሆነ ከባዱን ጥናት ጠዋት ጨርሱት፤ ከሰዓት ቀለል ያለውን ያዙ።

አምስተኛ፦ ወደ ጣና ውጡ

ሌላ ከተማ ያሉ ተማሪዎች የሌላቸው ነገር አላችሁ። ተጠቀሙበት። በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ተነሥታችሁ ውጡ። ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት በእግር ሂዱ። ስልኩ ዶርም ይቅር፤ ሃንድአውትም አትያዙ። ጣና ዳር እየሄዱ ሌክቸር በጆሮ ማዳመጥ ያው ጥናት ነው።

ሐይቁ ዳር ስትደርሱ ዓይናችሁን ራቅ ወዳለ ነገር ላኩ። የደንገል ታንኳ የሚቀዝፈውን ሰው አንዴ ተከታትላችሁ እዩት። በደንገሉ ላይ ተቀምጦ ቀዘፋውን አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ያደርጋል፤ ውኃው ከደንገሉ እኩል ነው፣ እግሩ ይርሳል፣ እሱ ግን አይቸኩልም። የውኃ ወፎቹ ዓሣ አጥማጁ የሚጥለውን ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። ሲሠራ የከረመ ጭንቅላት የሚያርፈው ምንም ሳይጠየቅ እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ ነው። ሐይቁ የራቃችሁ፣ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የአባይ ድልድይ ሂዱበት፤ 380 ሜትር ነው፣ የእግረኛ መሄጃ አለው። ብስክሌት ያለው ጓደኛ ካላችሁ ተዋሱት። ከተማዋ ሜዳ ናት።

ውኃው ውስጥ ግን አትግቡ። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፤ እግር ነክሮ መቀመጥም ያስይዛል። አባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢም ጉማሬ አለ። ምሽት መውጣት በማይመችበት ወቅት ደግሞ ጠዋት ብቻ፣ ሁለት ሦስት ሆናችሁ።

ስድስተኛ፦ ለሰው ንገሩ

የዛለ ሰው ይሸሻል። ላውንጅ መሄድ ያቆማል፣ ስልክ አያነሣም። ቤት ሲደወል «ደህና ነኝ» ይላል። እናንተ ለአንድ ሰው እውነቱን ንገሩ። ለእናታችሁ ከሆነ እንዲህ በሉ፦ «እማዬ፣ አልታመምኩም፣ አትደንግጪ። ጥናቱ በዝቶብኝ ደክሞኛል። በዚህ ሴሚስተር ውጤቴ ትንሽ ሊወርድ ይችላል። ከአሁኑ እንድታውቂው ብዬ ነው።» ብዙ እናት ከውጤቱ ይልቅ ድምፃችሁ ነው የሚያሳስባት።

ለመምህር ከሆነ ቀደም ብላችሁ፣ በሥራ ሰዓት፣ የሚፈለገውን ለይታችሁ ጠይቁ፦ «መምህር፣ አሳይመንቱን ጀምሬዋለሁ፣ እስከዚህ ድረስ ሠርቻለሁ። እስከ ሰኞ ቢፈቅዱልኝ ጨርሼ አስረክባለሁ።» የተጀመረውን ሥራ ይዞ የሄደና ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚለምን ተማሪ እኩል አይታዩም።

ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ቀኑን ሙሉ ካልለቀቃችሁ፣ እንቅልፍና ምግብ ከጠፋ፣ ወይም «ባልኖርስ» የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ይሄ ከዝለት ያለፈ ነው። ያን ቀን ሳታድሩ ሂዱ። የተማሪዎች ክሊኒክ ይጀምርላችኋል፤ ከተማው ውስጥ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች አሉ። ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ። ጸበል የምትጠመቁ ካላችሁም ሁለቱ አይጣሉም፤ መድኃኒት ከታዘዘ ግን ሐኪሙን ሳታማክሩ አታቋርጡ።

ሴሚስተሩን መጨረስ እንደማትችሉ ከተረዳችሁ፣ ዝም ብላችሁ ከፈተና አትቅሩ። ሬጅስትራር ሄዳችሁ በወቅቱ የዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቋረጫ) ፎርም ሙሉ፣ የሕክምና ማስረጃ ካለ አያይዙ፣ ኮፒውን እናንተ ጋ አስቀሩ። በሥርዓቱ የወጣ ተማሪ ለመመለስ ያመለክታል። በቀረ ተማሪ ስም ግን ኤፍ ይመዘገባል።

ለሚቀጥለው ሴሚስተር

ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሩ። ለእያንዳንዱ ኮርስ በሳምንት አንድ የባዶ ወረቀት ጊዜ ያዙ፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድም ይሁን ዓርብ ከሰዓት፣ ሃንድአውት የማይከፈትበት ይሁን፤ ፈተና ሲቃረብም አታጥፉት። ጂሲ (ተመራቂ) የሆናችሁ ደግሞ የመውጫ ፈተናውን ለመጨረሻው ወር አታቆዩት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁሉም የትምህርት ዘርፎች ይሰጣል፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። የሚመጣው ደግሞ ከብዙ ዓመት ኮርስ ተሰብስቦ ነው። ፕሮጀክትና ፋይናል በተደራረቡበት ወር እሱን ከዜሮ መጀመር ብዙ ጎበዝ ልጅ አዝሏል። ከመስከረም ወይም ካምፓስ ከገባችሁበት ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ አንድ የድሮ ኮርስ አንሡ፣ ካለፉት ፈተናዎች አሥር ጥያቄ ሥሩ፣ የተሳሳታችሁትን በቀይ ጻፉና ደብተሩን ዝጉት።