ጥንዶች ኮንዶሚኒየም ሲከራዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰርጉ አልፎ፣ መልሱና ቅልቅሉ ተጠናቆ፣ ሁለት ሰዎች ኑሮ የሚጀምሩበት ቤት ብዙ ጊዜ በጥድፊያ የሚያዝ ነው። ደላላው «ሌላ ሰው ቀብድ ይዞ መንገድ ላይ ነው» ይላል፤ ሙሽሮቹም ከጀሞ እስከ ሰሚት፣ ከየካ አባዶ እስከ ኮዬ ፈጬ ሲዞሩ ስለ ሰነበቱ ደክሟቸው ይስማማሉ። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚፈጸሙት ቤቱ በተገኘበትና ዕቃው በገባበት ቀን መካከል ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ከገቡ በኋላ ሲታረሙ ዋጋ ያስከፍላሉ።

ቧንቧው ስለወረደ ውሃ አለ ብሎ ማመን

ቤት ለማየት የሄዱ ጥንዶች መጀመሪያ የሚያዩት የግድግዳውን ቀለም፣ ሴራሚኩንና የመስኮቱን ብርሃን ነው። ቧንቧ ከፍቶ ውሃ መውረዱን ያረጋገጠ ሰው ደግሞ ጉዳዩን እንደ ጨረሰ ይቆጥረዋል። ሆኖም በአዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ የሚዳረስባቸው ሰፈሮች ብዙ ከመሆናቸውም በላይ፣ በአንድ ብሎክ ውስጥ እንኳ ታች ያሉት ነዋሪዎች ሲቀዱ ግፊቱ ስለሚቀንስ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቧንቧ አየር ብቻ ሲያፏጭ ሊውል ይችላል። መጠየቅ ያለበት ውሃው በዚህ ፎቅ ላይ በሳምንት ስንት ቀንና በስንት ሰዓት እንደሚደርስ ነው፤ እውነተኛውን መልስ የሚሰጠውም በዚያው ፎቅ ላይ የሚኖር ጎረቤት ነው። በር አንኳኩቶ መጠየቅ ያሳፍር ይመስላል እንጂ፣ ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ ያልወጣ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ስለሌለ ማንም በቅንነት ይመልሳል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ሁለት ሰዎች በቁጠባ እያንዳንዳቸው በቀን 40 ሊትር ቢጠቀሙ፣ ውሃ ለአራት ቀናት ሲጠፋ 320 ሊትር፣ ማለትም 16 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያስፈልጋቸዋል። ሊፍት በሌለው የጂ+4 ሕንጻ ላይ ይህን ማን እንደሚያወጣው ከመግባታቸው በፊት ቢነጋገሩበት ይሻላል። ሮቶ ለማስቀመጥ የሚያስቡም ቦታውን አስቀድመው ከአከራዩና ከሕንጻው ነዋሪዎች ማኅበር ጋር መስማማት አለባቸው፤ 1,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ ውሃው ብቻ አንድ ቶን ስለሚመዝን፣ አንዳንዶች እንደሚያደርጉት በረንዳ ላይ የሚሰቀል ዕቃ አይደለም።

አንዱ አይቶ ሌላው እንዲከተል ማድረግ

በሥራ ምክንያት ባል ወይም ሚስት ብቻውን ወይም ብቻዋን አይቶ መወሰን የተለመደ ነው። ከመሀል ከተማ ራቅ ባሉት በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ ወይም በቦሌ አራብሳ ኪራዩ ቀለል ይላል፤ ልዩነቱ ግን በትራንስፖርትና በሰዓት ይካካሳል። ሁለቱም በሥራ ቀን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከዚያ ሰፈር ተነስተው እያንዳንዳቸው ወደ መሥሪያ ቤታቸው አንድ ጊዜ ቢሄዱ፣ የታክሲውን ሰልፍ በዓይናቸው ያያሉ። እሑድ ከሰዓት የታየ መንገድ ስለ ሰኞ ጠዋት ምንም አይናገርም።

በቃል፣ ወይም በሁለት ዓይነት ውል መግባት

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በተፈረመ በ30 ቀናት ውስጥ ተረጋግጦ መመዝገብ አለበት፤ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ማነስ አይችልም፤ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፤ ጭማሪም የሚደረገው ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ በሚወስነው መጠን ብቻ ነው። በተግባር ግን የሦስት ወይም የስድስት ወር ቅድሚያ የሚጠይቁ አከራዮች ዛሬም አሉ፤ አዲስ ተጋቢዎችም በሰርጉ የተሰበሰበውን ገንዘብ በሙሉ አስረክበው፣ ምጣድና ፍራሽ የሚገዙበት አጥተው ይገባሉ።

ከዚህ የከፋው የሁለት ውል አሠራር ነው። አከራዩ የኪራይ ገቢ ግብሩን ለማሳነስ፣ በወረዳ በሚመዘገበው ውል ላይ ዝቅተኛ ዋጋ አስጽፎ ልዩነቱን በእጅ እንዲሰጡት ይጠይቃል። ተከራዮቹም «ለእኛ ምን ጉዳት አለው?» ብለው ይፈርማሉ። ጉዳቱ የሚታየው ሲጣሉ ነው፤ በእጅ የሰጡትን ገንዘብ የሚያስረዳላቸው ወረቀት የለም፣ ግብር በመሸሽ ተባብረዋል የሚል ጥያቄም ሊነሳባቸው ይችላል። አዋጁ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ማዘዙ ለተከራዩ ትልቅ ጥቅም ነው፤ የባንኩ ደረሰኝ ራሱ ምስክር ነውና።

ቤቱን የሚያከራየው ሰው ባለቤቱ መሆኑን ማጣራትም የሚዘነጋ ነገር ነው። የዕጣ ባለዕድለኞች ብዙዎቹ በአሜሪካ ወይም በዐረብ አገር ስለሚኖሩ ቤቱ በእህት፣ በአጎት ወይም በጓደኛ በኩል ይከራያል፤ በእነዚህ ጊዜያት በሰነዶች ማረጋገጫ የተረጋገጠ፣ ማከራየትን በግልጽ የሚፈቅድ ውክልና ማየት ነውር የለውም። ውሉም በባልና በሚስት ስም ቢሆን ይመረጣል። በባል ስም ብቻ የተፈረመ ውል፣ ባል ለሥራ ክፍለ ሀገር በሄደበት ሳምንት ከአከራዩ ጋር ክርክር ቢነሳ ሚስትን «አንቺን አላውቅሽም» ያስብላታል።

ስንት ሆነው እንደሚኖሩ አሳንሶ መናገር

አከራይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ናችሁ?» ብሎ ነው። ጥንዶቹም «ሁለት ብቻ» ይላሉ፤ እውነትም ነው፣ ለጊዜው። ነገር ግን የእኛ ቤት ለሁለት ሰው ብቻ ሆኖ የሚቆይበት ዘመን አጭር ነው። ዩኒቨርሲቲ የተመደበላት ታናሽ እህት ትመጣለች፣ የቤት ሠራተኛ ይቀጠራል፣ በዓመቱም እናት ልጃቸውን ሊያርሱ ለወራት ይቀመጣሉ። አከራዩ ይህን ሁሉ ከውሉ ውጪ ነው ብሎ ኪራይ ለመጨመር ወይም «ልቀቁልኝ» ለማለት እንዳይጠቀምበት፣ ዘመድ በእንግድነት መቀመጥ እንደሚችልና ልጅ ሲወለድ ውሉ እንደማይነካ በአንድ አንቀጽ ማስገባት ይጠቅማል። «ገና አልወለድንም» ብሎ ማፈር አያስፈልግም፤ የሚጻፈው ለሁለት ዓመት ነው።

ደረጃውን ሳይለኩ ሶፋ መግዛት

እኛ የተከራየነው ሦስተኛ ፎቅ ነበር። ባለ ኤል ቅርጽ ሶፋችን ከመርካቶ እስከ ሕንጻው በር በሰላም ደርሶ በሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ተቀረቀረ፤ በስተመጨረሻም በገመድ በበረንዳ በኩል ወጣ፣ ለጎረቤቱም መዝናኛ ሆነ። የደረጃውን መታጠፊያና የበሩን ስፋት በሜትር መለካት ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። አልጋና ቁም ሳጥንም የሚፈታ ዓይነት ቢሆን ለሚቀጥለው ቤት ጭምር ያገለግላል። የጫኝና አውራጅ ዋጋም ዕቃው መኪና ላይ እያለ የሚጀመር ድርድር እንዳይሆን፣ አንድ ቀን አስቀድሞ የሰፈሩን ልጆች አግኝቶ መስማማት ብልህነት ነው።

ቆጣሪውን ሳያነቡ መረከብ

በርክክቡ ቀን የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ንባብ በስልክ ፎቶ አንስቶ ለአከራዩ መላክ፣ የተሰበረ መስታወት፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧና የማይዘጋ መቆለፊያ ካለ በጽሑፍ መያዝ ይገባል። ቆጣሪው የካርድ ካልሆነ ቀዳሚው ተከራይ ጥሎ የሄደው ዕዳ መኖሩን ማጣራት፣ ካርድ ከሆነም ካርዱን መቀበል ነው።

የመብራቱ ሌላ ጣጣ የእንጀራ ምጣድ ነው። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ስለሚፈልግ፣ በቀጭን ሽቦ ወይም ብዙ ዕቃ በተሰካበት ማከፋፈያ ላይ ሲሰካ ሽቦው ይግላል፤ አንዳንዴም ያቃጥላል። የምጣዱ መሰኪያ የት እንዳለና ሽቦው ይችል እንደሆነ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ቢያይ ይመረጣል። ቡና በከሰል የሚያፈሉም በሮችና መስኮቶች በተዘጉበት ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀጣጠለ ከሰል ይዘው እንዳይተኙ፤ የከሰሉ ጋዝ ሽታ ስለሌለው ሳይታወቅ ይገድላል።

መሸኛውን ለኋላ መተው

ከወላጆቻቸው ቤት የወጡ ጥንዶች በሁለት የተለያዩ ወረዳዎች የቤተሰብ ቅጽ ላይ ተመዝግበው ይቆያሉ። መታወቂያ ለማሳደስ ወይም ልጅ ሲወለድ ለማስመዝገብ ሲሄዱ «ከየት ነው የመጣችሁት፣ መሸኛችሁስ?» ይባላሉ። የተመዘገበውን የኪራይ ውል ኮፒ ይዘው፣ ሁለቱም በየበኩላቸው ከቀድሞ ወረዳቸው መሸኛ አውጥተው፣ በአዲሱ ወረዳ በአንድ ቅጽ ለመመዝገብ የጫጉላው ፈቃድ ሳያልቅ አንድ የሥራ ቀን ጠዋት መመደብ ይቻላል።