እጩ መምህርን በተግባር እንዴት እንመዝን?

ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ሁለት ሆነን አንዲት እጩ መምህርት ልንመዝን ገባን። ክፍልፋይ እያስተማረች ነበር። ስንወጣ እኔ 85 ሰጥቻታለሁ፤ ባልደረባዬ 62። ቅጹ ያው፣ ክፍለ ጊዜው ያው። እሱ የሰሌዳ አጻጻፏንና ድምጿን ሲከታተል ነበር፤ እኔ ደግሞ ለልጆቹ የምትሰጠውን መልስ። ማን ልክ እንደነበር እስከዛሬ እንጨቃጨቃለን።

ስለዚህ ለመምህራን ኮሌጃችሁ «ምዘናው በተግባር ይሁን» የሚል መመሪያ ሲደርስ ቅጽ ለማባዛት አትሩጡ።

መጀመሪያ መስፈርቱን አሳጥሩ። አምስት ይበቃል፦ እቅዱ፣ ማብራሪያው፣ የተማሪዎቹ ተሳትፎ፣ መረዳታቸውን የሚያረጋግጥበት መንገድ፣ እጩው ራሱን መገምገሙ። «አለባበስ» የሚለውን አውጡት። ከረባት ክፍልፋይ አያስተምርም።

ከዚያ ለየደረጃው በዓይን የሚታይ ድርጊት ጻፉ። «በጣም ጥሩ» ብሎ ነገር ለመዛኙ ምንም አይነግረውም። አንድ ልጅ አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛን ደምሮ ሁለት አምስተኛ አለ እንበል። እጩው «ተሳስተሃል፣ ተቀመጥ» ካለው ዝቅተኛው ደረጃ ነው። ትክክለኛውን መልስ ራሱ ከነገረው መካከለኛ። «እስቲ እንዴት እንዳገኘኸው አሳየን» ብሎ ስህተቱ የት እንዳለ ከልጁ ጋር አብሮ ከፈለገ ከፍተኛው።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ፤ መዛኞቹን ማቀራረብ። ርዕሰ መምህሩንና ወላጆችን አስፈቅዳችሁ አንድ ክፍለ ጊዜ በስልክ ቅረጹ። የኮሌጁ መምህራንና የትምህርት ቤቱ ሜንተሮች (እጩውን በልምምዱ የሚያግዙት ነባር መምህራን) አብረው ይዩት። ማንም ሳይነጋገር ነጥቡን በወረቀት ይስጥ። ነጥቦቹን ሰሌዳ ላይ ጻፉ። በተራራቁት ላይ «ምን አይተህ ነው?» ተባባሉ። ማዕረግ እዚህ ጋ አይሠራም፤ ዶክተሩም ያየውን ያስረዳ። አንዳንዴ ጥፋቱ የመዛኙ ሳይሆን የመስፈርቱ ነው፤ ቃሉን እዚያው ቀይሩት። በሌላ ቪዲዮ ድገሙ። ልዩነቱ ከአንድ ደረጃ እስከማይበልጥ ድረስ ማንንም ወደ ክፍል አትላኩ። ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ቡና ይቅረብ።

ወጪውንም አስቡ። አሜሪካ ውስጥ ኢዲቲፒኤ የሚባለው የእጩ መምህራን የተግባር ምዘና እጩውን 300 ዶላር ያስከፍል ነበር። ቅሬታው በዛ፤ ኒውዮርክ በ2022 እ.ኤ.አ. ግዴታነቱን አነሳች። እኛም ጋ የታክሲው፣ የፎቶ ኮፒውና የፍሊፕ ቻርቱ ሂሳብ እጩው ኪስ ላይ ይወድቃል። ኮሌጁ ይሸፍን። ሜንተሩም ክፍለ ጊዜ ይቀነስለት፤ አለዚያ ቁጭ ብሎ አያይም፣ ፈርሞ ብቻ ይሰጣችኋል።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ለሙከራ ይሁን፤ ውጤቱ አይያዝ። የማለፊያ ነጥቡን የእጩዎቹን ሥራ ካያችሁ በኋላ ወስኑ።

ውጤቱን ለእጩው በዚያው ቀን ንገሩት። ግቢው ውስጥ ጥላ ፈልጋችሁ፣ ቅጹን አብራችሁ እያያችሁ። ዝቅ ካለ ሁለተኛውን ጉብኝት እዚያው ቅጠሩ፣ ልምምዱ ሳያልቅ።