ሁለቱ አፍ ሲጣሉ፦ ያገለገለ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ከመግዛታችሁ በፊት

ባዶ መሆኑን ማየት፣ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር ማመሳከር፣ ይህን ታውቃላችሁ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚጠይቀው ፈቃድ ከሌለ ግን ጭራሽ አታንሱት።

ምልክት፦ ሁለቱ ቧንቧዎች አንድ ቦታ አይመቱም።
ምክንያት፦ ደሴ እኔ ጋ የሚመጣው አብዛኛው አፈሙዙ የተቆረጠ ነው።

ቧንቧዎቹ ትይዩ አይደሉም፤ ወደ ፊት በትንሹ ይቀራረባሉ። ሠሪው አፈሙዙ መሃል ያለችውን ሽብልቅ በሙቀት እያላላ፣ እየተኮሰ፣ መልሶ እየገፋ ሁለቱን አንድ ቦታ እንዲመቱ ያስታርቃቸዋል። ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ሜትር ላይ። ከዚያ አንዱ ብልጥ “ረዘመብኝ” ብሎ በሴጌቶ ይገዘግዘዋል፤ ሽብልቋም አብራ ትሄዳለች።

ባለፈው አንድ ጋሼ ከኮምቦልቻ ይዘው መጡ። “ሻጩ ወላሂ የአያቴ ነው፣ ማንም አልነካውም ብሎኛል” አሉ። ጉም ስለነበር መስኮቱ ጋ ወሰድኩት። ሜትር ዘረጋሁ፤ 53 ሴንቲ። የዚህ ዓይነቱ በብዛት 61 ወይም 66 ነው። አፈሙዙ መሃል ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ነጭ ስታኞ (ቀልጦ ብረት የሚያያይዘው ቆርቆሮ) ብቅ አለ። ሽብልቋ የለችም! የፊት ማነጣጠሪያው ሥር ደግሞ የሞረድ ጭረት። ጋሼ ዝም አሉ። ገንዘቡን ከፍለው ጨርሰው ነበር።

መፍትሄ፦ አለመግዛት። መልሶ ማስታረቅ የሠሪ ቤት ሥራ ነው። ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ “አስተካክልልኝ” አትበሉ። ብየዳ በፍጹም አታስነኩት! ብረቱን ያለሰልሰዋል፣ ቧንቧዎቹን ያያዘውንም ስታኞ ያቀልጠዋል። ብየዳ አታስነኩት ስል የሰማኝ የለም፣ አሁንም ይበየዳል።

ቧንቧው ሳይነካ የሚጣሉም አሉ። ቀኙ ወደ ቀኝ፣ ግራው ወደ ግራ ከሄደ የምትተኩሱት ጥይት ጠመንጃው ከተሠራለት ጥይት ይዘገያል ማለት ነው። ከተሻገሩ ይፈጥናል። የቆየ የእንግሊዝ ሥራ ከሆነ የባሩዱ መጠንና የጥይቱ ክብደት ብዙውን ጊዜ ቧንቧው ሥር ተቀርጿል፤ እሱን ፈልጉ። ጽሑፉ በሞረድ ከጠፋ፣ ሻጩን አመስግናችሁ ውጡ።

ቧንቧውን ነቅላችሁ አንጠልጥሉትና በጣት አንጓ ምቱት። እንደ ደወል ካልጮኸ መሃሉን ያያዘው ብረት ለቋል፤ ሥሩ ዝገት ሊኖር ይችላል። የሚያውቅ ሰው በስታኞ ይመልሰዋል፤ ዋጋው ላይ ቀንሱ።

ጠመንጃው ተዘግቶ ቧንቧው የሚገጥምበት ቦታ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ መጋጠሚያው ተበልቷል።

ቀለሁ አብጦ ወይም ተሰንጥቆ የሚወጣበት ከሆነ የጥይት መክተቻው ተሰርስሮ ሰፍቶ ሊሆን ይችላል። ያንን “እስቲ አንዴ ልሞክረው” ብላችሁ እንዳትተኩሱት።