በስደት አገር ትምህርት ቤት የስፌት ክፍለ ጊዜ እንዴት ይዘጋጃል?

ከአገሩ ወጥቶ በማያውቀው ቋንቋ የሚማር ልጅ ቀኑን ሙሉ ተቀባይ ነው። ፊደሉን፣ ደንቡን፣ የምሳ ሰልፉን ሳይቀር ከሌሎች ይቀበላል፤ እርሱም የሚሰጠው ነገር እንዳለው የሚያስታውስ ሰው ግን እምብዛም አያገኝም። ባይተዋርነት የሚበረታበት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ሰው ቤተኛ የሚሆነው ሲስተናገድ ብቻ ሳይሆን ሲያስተናግድም ነውና። ይህ መመሪያ በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በእስራኤል ትምህርት ቤቶች ለሚሠሩ አማርኛ ተናጋሪ መምህራን፣ አስተርጓሚዎችና የወላጅ ኮሚቴ አባላት የተጻፈ ሲሆን፣ በአገራችን ስፌት፣ ማለትም ሰፌድ፣ ሙዳይና መሶብ በሚሠራበት የእጅ ሙያ አማካይነት አዲስ መጪ ተማሪዎችንና ነባሮቹን በአንድ ገበታ ዙሪያ እንዴት ማሠራት እንደሚቻል ያሳያል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጄን አዳምስና ኤለን ጌትስ ስታር እ.ኤ.አ. በ1889 በቺካጎ ኸል ሐውስ የተባለውን የማኅበረሰብ ማዕከል ሲከፍቱ፣ ሠፈሩ ከጣሊያን፣ ከግሪክ፣ ከጀርመን፣ ከሩሲያና ከሌሎችም አገሮች በመጡ ቤተሰቦች የተሞላ ነበር። ልጆቹ እንግሊዝኛውን እየለመዱ ሲሄዱ በወላጆቻቸው አለባበስና አነጋገር ማፈር ጀመሩ። አዳምስ አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊት በእንዝርት ስትፈትል ካየች በኋላ፣ ወላጆች ፈትልና ሽመናቸውን ለጎብኚ የሚያሳዩበት የሥራ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1900 ተከፈተ። አዳምስ አንጀሊና ብላ የምትጠራት አንዲት ልጅ በዚያው ሕንጻ የምግብ አሠራር ትማር ነበር፤ ሻሽ አስራ ፈትል ለማሳየት ከምትመጣው እናቷ ጋር እንዳትታይ ግን በሌላ በር ትገባ ነበር። አንድ ምሽት እንግዶች እናቷን ከበው የእጇን ሥራ ሲያደንቁ አይታ፣ ከዚያ ወዲህ ከእናቷ ጋር በአንድ በር መግባት ጀመረች። አዳምስም ስለ እናቷ የጣሊያን መንደር ኑሮ ነግራታለች፤ መነሻው ግን የእናቷ እጅ በሌሎች ዓይን ሲከበር ማየቷ ነበር።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ልጆቹን መሰብሰብ ሳይሆን እጀ ብልህ የሆነች እናት ወይም አያት መፈለግ ነው። ብዙዎቹ «ይህ ምኑ ይደነቃል?» ብለው እምቢ ማለታቸው አይቀርም። በግንባር ሄዶ፣ ቡና ላይ ተቀምጦ፣ ቤታቸው ካለ ሙዳይ ወይም መሶብ ተነሥቶ መጠየቅ በወረቀት ከመጋበዝ ይሻላል። ክፍያንም አስቀድሞ መነጋገር ይገባል፤ ትምህርት ቤቱ ሠዓሊ ቢጋብዝ የሚከፍለውን ያህል ለእርሳቸውም መክፈል አለበት። የጥገኝነት ጉዳያቸው ያላለቀ ከሆነ ግን ገንዘብ መቀበል በመኖሪያ ወረቀታቸው ላይ ችግር እንዳያስከትል ጉዳዩን ከሚያውቅ ሰው ጠይቆ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ስፌትን የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። በአገራችን ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔና አንጥረኛ ሲናቁ የኖሩ ባለሙያዎች ናቸው፤ ከሸክላና ከብረት ሥራ ይተዳደሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን «ቡዳ» ሲባሉ የኖሩበት ታሪክ እስካሁን በአያቶች ልብ ውስጥ አለ። ስለዚህ አንዲትን ሴት «የባህል ሥራ ነው» ብሎ ጭቃ ፊት ማስቀመጥ፣ ክብር የመሰለን ነገር ስድብ ሆኖ እንዲሰማት ሊያደርግ ይችላል። ስፌት ግን በየቤቱ ወይዛዝርት ሲሠሩት የኖረ ሙያ በመሆኑ ይህ ሸክም የለበትም። በሸክላ የምትኮራ እናት ከተገኘች ግን እሰየው፤ ምርጫው የእርሷ ይሁን።

የስፌት ሣሮቹ አክርማና ስንደዶ በውጭ አገር በቀላሉ ስለማይገኙ፣ ለልጆች የሚመቸው 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የጥጥ ገመድና የሱፍ ክር ነው። በወስፌ ፋንታ ጫፏ የደነዘ፣ ዓይኗ ሰፊ የሆነች መርፌ ትበቃለች። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላላት ትንሽ ሰፌድ ወደ 4 ሜትር ገመድና ወደ 40 ሜትር ክር ይፈጃል፤ ስለዚህ ለ12 ልጆች 50 ሜትር ገመድ መግዛት ነው። ጀማሪ ልጅ በአንድ ሰዓት ከግማሽ ሜትር ገመድ ብዙም ስለማያልፍ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ 90 ደቂቃ እየተገናኙ ስምንት ሳምንት መያዝ ያስፈልጋል። አንድ ቀን ብቻ ተሠርቶ የሚቀር ዝግጅት ለፎቶግራፍ ይጠቅም ይሆናል፤ ልጆቹ እርስ በርስ ለመላመድ ግን ጊዜ አይሰጣቸውም።

ከ12ቱ ልጆች ግማሾቹ ከነባሩ ክፍል እንዲመጡ አጥብቆ መጠየቅ ይገባል። ለምሳሌ በበርሊን ጀርመንኛ የማይችሉ ልጆች በመጀመሪያ የሚገቡበት «ቪልኮመንስክላሰ» የተባለ የአቀባበል ክፍል አለ፤ ስሙ «እንኳን ደኅና መጣህ» ቢልም፣ ለብቻ የተደራጀ ክፍል ልጁን ከእኩዮቹ ለይቶ ሊያቆየው ይችላል። የእጅ ሥራው ጊዜም ለአዲስ መጪዎቹ ብቻ ከሆነ ያንኑ አጥር መልሶ ማጠር ነው። አዲሱንና ነባሩን ልጅ ጎን ለጎን ማስቀመጥ፣ መቀስና የክር ድውር ደግሞ ለሁለት አንድ ብቻ መስጠት ይበጃል፤ ከጎን ያለውን ሳይጠይቁ መሥራት እንዳይቻል ሆን ተብሎ የሚደረግ እጥረት ነው።

የመጀመሪያው ቀን ንግግር አይብዛበት። የገመዱን ጫፍ አሹሎ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል በክር መጠቅለል፣ ከዚያም እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት አጥብቆ ማዞርና መሀሉን በመርፌ መውጋት ነው፤ ይህ እምብርቱ ነው። ከዚያ በኋላ ገመዱን አራት አምስት ጊዜ በክር ጠቅልሎ ከቀደመው ዙር ጋር መስፋት ይቀጥላል። እምብርቱ ከላላ ሰፌዱ ስለሚጣመም ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣሉ፤ ቸኩሎ እጃቸው ላይ ከመቀማት ይልቅ ፈትቶ እንደገና መጀመር ነውር አለመሆኑን እናትየዋ በራሷ ሥራ ላይ ብታሳያቸው መልካም ነው። ስፌት በአገራችንም የሚለመደው ከጎን ተቀምጦ በማየት ነው።

ቋንቋው ሥራውን ተከትሎ ይምጣ። ጠቅልል፣ ውጋ፣ ሳብ፣ አጥብቅ የሚሉት አራት ግሦች ክፍለ ጊዜውን ከዳር እስከ ዳር ያዘልቃሉ። እነዚህን በትምህርት ቤቱ ቋንቋ ሁሉም ይማራቸዋል፤ ነባሮቹ ልጆች ደግሞ በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በዐረብኛ ወይም እናትየዋ በምትናገረው በሌላ ቋንቋ ይማሩዋቸው። «ጠ» የሚለውን ድምፅ ለማውጣት ሲታገሉ የሚፈጠረው ሳቅ ብዙ ነገር ያቃልላል፤ በቋንቋ ሲሳሳት የሚውለው ልጅ ለአንድ ሰዓት አራሚ ይሆናልና። አስተርጓሚው ከዳር ይቁም፤ እጅ የሚያሳየውን ሁሉ ለመተርጎም ከቸኮለ ሥራው ወደ እርሱ ያመዝናል።

አጥብቄ የማሳስበው አንድ ጉዳይ አለ። ልጆቹን «አገርህን ሣል»፣ «የመጣህበትን መንገድ አሳየን» ማለት አይገባም። በረሃና ባሕር አቋርጦ የመጣ ልጅ ታሪኩን ለማንም የመክፈል ዕዳ የለበትም፤ ኢሚግሬሽን የጠየቀው ይበቃዋል። የስፌት ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው፤ ክብ ዙሮች ምንም እንዲናገር አያስገድዱትም፤ መናገር ከፈለገ ደግሞ ዓይኑን ከመርፌው ሳያነሣ ይናገራል። ጀልባ ወይም ጠብመንጃ በቀለም የሚያወጣ ልጅ ቢኖር ሥራውን ሳይተረጉሙለት አጠገቡ መቀመጥ፣ ሳይፈቅድ ግድግዳ ላይ አለመስቀል፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም ድንጋጤ ከታየበትም ከትምህርት ቤቱ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ማገናኘት ተገቢ ነው። እኛ የእጅ ሥራ አሳዪዎች እንጂ ሐኪሞች አይደለንም።

ስምንተኛው ሳምንት ላይ ኤግዚቢሽን ማድረግ የተለመደ ነው። ከእያንዳንዱ ሰፌድ ሥር የሠሪው ስም በትምህርት ቤቱ ፊደልና በልጁ በራሱ ፊደል ይጻፍ፤ «የስደተኞች ሥራ» የሚል ርእስ ግን የስምንት ሳምንቱን ድካም በአንድ መስመር ያፈርሰዋል። የእኛ ልጆች የአባት ስም በመዝገብ ላይ እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚገባ፣ መምህሩ ልጁን በአባቱ ስም ሲጠራ ይገኛል፤ ስለዚህ ልጁ ራሱ መጠራት የሚፈልገውን ጠይቆ መጻፍ ይሻላል። ፊት የሚታይበት ፎቶግራፍ ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ኢንተርኔት ላይ አይውጣ፤ አገር ቤት የቀረ ዘመድ ያላቸው ቤተሰቦች ለአደጋ ሊጋለጡ ይችላሉ።

በዕለቱ እናትየዋን ባህል ልብስ አልብሶ ጥግ ማስቀመጥ አያስፈልግም። በጅምር ያለ አንድ ትልቅ ሰፌድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ ርእሰ መምህሩም ሆነ የሌላ ልጅ ወላጅ መርፌ ይዞ ሁለት ሦስት ጥልፍ እንዲጨምር፣ እንዴት እንደሚወጋም አዲስ መጪው ተማሪ እንዲያሳየው ይደረግ። ሥራው ሲያልቅ ሰፌዱ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ባይገባ ደስ ይለኛል፤ በመምህራን ክፍል ዳቦ ይቅረብበት።