የድረ ገጽን ስህተት በብራውዘር የገንቢ መሣሪያ ፈልጎ ማግኘት

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ የሐረር ቡና ለሚሸጥ ሱቅ ድረ ገጽ ሠርተዋል እንበል። በላፕቶፕዎ ላይ ሁሉም ነገር አምሮ ይታያል፤ ባለሱቁ ግን በስልኩ ሲከፍተው የዋጋው ሰንጠረዥ ከስክሪኑ አልፎ ይወጣል፣ የቡናውም ፎቶ አይታይም። ብዙ ጀማሪዎች በዚህ ጊዜ ኮዱን በግምት መቀያየር ይጀምራሉ። እኔ የምመክረው አንድም መስመር ሳይነኩ ክሮም፣ ኤጅና ፋየርፎክስ ውስጥ አብሮ የሚመጣውን የገንቢ መሣሪያ እንዲከፍቱ ነው።

በመጀመሪያ ገጹን ላፕቶፕዎ ላይ ካለው ፋይል ሳይሆን ባለሱቁ በሚከፍትበት አድራሻ ይክፈቱና ሰንጠረዡ ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው ኢንስፔክት የሚለውን ይምረጡ። በሚከፈተው ክፍል ውስጥ የገጹን ኤችቲኤምኤል (ይዘቱ የተጻፈበትን ኮድ)፣ ከጎኑ ወይም ከሥሩ ደግሞ መልኩን የሚወስኑትን የሲኤስኤስ ደንቦች ያገኛሉ።

ቀጥሎ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤም ቁልፎችን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ገጹ በስልክ ስፋት ይታያል። ስፋቱን 360 ፒክሰል ሲያደርጉት ባለሱቁ ያየው ችግር እርስዎም ዘንድ ይከሰታል። ከደንቦቹ መካከል የሰንጠረዡን ስፋት 600 ፒክሰል ያደረገውን ፈልገው ከፊቱ ያለውን ምልክት ያንሱ፤ ሰንጠረዡ ወዲያው ከተሰበሰበ ጥፋተኛው እሱ ነው፣ በምትኩም 100 ፐርሰንት ብለው ይሞክሩ። እርስዎ ምልክቱን ሳያነሱ በላዩ መስመር የተሠመረበት ደንብ ካዩ፣ ብዙውን ጊዜ ሌላ ደንብ ሽሮታል ማለት ነው። እዚህ የለወጡት ነገር ገጹ እንደገና ሲጫን ስለሚጠፋ፣ የሠራልዎትን ለውጥ ወደ ዋናው ፋይል መገልበጥ አለብዎት።

ለፎቶው ኔትወርክ ወደሚለው ክፍል ይሂዱ። ይህ ክፍል የሚመዘግበው መሣሪያው ክፍት ሆኖ ሳለ የሚያልፈውን ብቻ ስለሆነ ገጹን እንደገና ይጫኑት። ከፎቶው ስም አጠገብ 404 የሚል ቁጥር ካለ ሰርቨሩ (ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) ፋይሉን በዚያ ስም አላገኘውም ማለት ነው። ታዲያ ላፕቶፑ ላይ ካለው ፋይል ሲከፈት እንዴት ታየ? አንዱ የተለመደ ምክንያት የፋይሉ ስም በትልቅ የላቲን ፊደል ጀምሮ ኮዱ ውስጥ በትንሽ መጻፉ ነው፤ ዊንዶውስ በተለምዶ ሁለቱን አይለይም፣ በርካታ ሰርቨሮች የሚሠሩበት ሊኑክስ ግን ይለያል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ይህን ልዩነት ሳያስተውሉ ማለፍ ቀላል ነው።

ስሙ ተስተካክሎ ፎቶው ሲመጣ መጠኑንም ይመልከቱ። 4 ሜጋባይት የሚመዝን ፎቶ በሴኮንድ 1 ሜጋቢት በሚያወርድ መስመር (አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ) ወደ 32 ሴኮንድ ገደማ ይፈጃል፤ ሐረር ጀጎል ውስጥ በሞባይል ዳታ ገጹን የሚከፍት ደንበኛ ይህን ያህል እንዲጠብቅ፣ ለዳታውም እንዲከፍል ማድረግ ተገቢ አይደለም። ፎቶውን ያሳንሱት፤ ከዚያም እዚያው ክፍል ውስጥ መስመሩን ሆን ብሎ የሚያዘገየውን አማራጭ መርጠው፣ ካሽ የሚባለው፣ ብራውዘሩ ቀድሞ ያወረዳቸውን ፋይሎች የሚያስቀምጥበት ማከማቻ፣ እንዳይሠራ አድርገው፣ ገጹን አዲስ እንግዳ እንደሚያየው ይዩት።

ኮንሶል የሚባለው ክፍል በቀይ የሚያወጣው መልእክት የጃቫስክሪፕት (ገጹ ላይ ያሉ ነገሮች እንዲሠሩ የሚያደርገው ኮድ) ስህተት ከሆነ፣ በዳር ያለው የፋይል ስምና የመስመር ቁጥር ስህተቱ ወደተከሰተበት ቦታ ይወስድዎታል። ምንነቱን የማያውቁትን፣ ሌላ ሰው የላከልዎትን ኮድ ግን እዚያ ፈጽሞ አይለጥፉ፤ የገቡበትን አካውንት አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል።

በላፕቶፕ ላይ የሚታየው የስልክ ስፋት ትክክለኛውን ስልክ አይተካምና፣ ፋይሎቹን ሰርቨሩ ላይ ከጫኑ በኋላ ባለሱቁ በራሱ ስልክ ገጹን እንደገና እንዲከፍተው ያድርጉ።